ቁፋሮው ሳይደርስ፦ በአዳማ መንገድ ሥራ ላይ የቅየሳ ምልክቶችን የማቆየት ማስታወሻ

ጥቅምት 6

የተሰጠኝ ሥራ በአዳማ ከተማ ዳር የሚሰፋ መንገድና አብሮት የሚቆፈር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም። ተቋራጩ ማሽን ከማስገባቱ በፊት በመስመሩ ላይና በዳርቻው ያሉትን የቅየሳ ምልክቶች ፈልጌ መለካት አለብኝ። በቦታው ሊቆይ የሚችለውን አስከብራለሁ፤ መነሣቱ የማይቀረውን ደግሞ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቦታ ላይ እንድመልሰው ከወዲሁ ማመሳከሪያ እሠራለታለሁ። ማስታወሻውን የምጽፈው በሌሎች ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ ቀያሾች እንዲጠቅም ነው። ይህ እርምጃ ጨርሶ ሲዘለል በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ያናድደኛልም። መንገዱ ይመረቃል፣ ምልክቱ ከተዛቀው አፈር ጋር ተጭኖ ይሄዳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለት ጎረቤታሞች አጥር ለማጠር ሲነሡ መነሻ የሚሆን ነገር ይታጣል።

በመስመሩ ላይ ሦስት ዓይነት ምልክት አለ። የመጀመሪያዎቹ የካዳስተር (የይዞታዎችን ወሰን በካርታ የመመዝገቢያ) ቅየሳው የተመሠረተባቸው የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ናቸው፤ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የኮንክሪት ምሰሶዎች ሆነው አናታቸው ላይ የብረት ችንካር አለ። ሁለተኛው ቤንችማርክ ነው፤ ከፍታን ብቻ ይይዛል። ሦስተኞቹ የይዞታ ወሰን ድንጋዮች ናቸው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታ በካዳስተር ካርታ ተደግፎ እንዲመዘገብ ካደረገ ወዲህ የአንድ ሰው የግቢ ማዕዘን በመንገድ ዳር ካለ ኮንክሪት ጋር በቁጥር ተሳስሯል። ኮንክሪቱ ሲነቀል የሚጎዳው ምናልባት መንገዱን አይቶት የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 8

ቀኑን ሙሉ ፍለጋ። የነጥቦቹ ዝርዝር በሁለት ወረቀት መጣልኝ፤ አንዱ የቆየ፣ አንዱ አዲስ። የቆየው ኮኦርዲኔት (የነጥቡን ቦታ የሚገልጸው ቁጥር) በአዲንዳን ዳተም የተሰላ ነው፤ ዳተም ማለት ቁጥሮቹ የሚነሡበት የልኬት መሠረት ነው። ይህ ዳተም ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ሲሆን፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ወደ አገራችን ገባ። አዲሱ ወረቀት ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ስለሚጻፉ ቁጥሮቻቸው ይመሳሰላሉ፤ መሬት ላይ ግን ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ረዳቴ የቆየውን ቁጥር ወደ እጅ ጂፒኤሱ አስገብቶ ሲከተለው መጨረሻው የሰው ጓሮ ሆነ፤ ውሻው ባይታሰር ኖሮ ነገሩ ይከፋ ነበር። ማታ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዳተሙን ጻፍኩ። ዳተሙ ያልተጻፈበት ኮኦርዲኔት ለማንም አይጠቅምም።

አንዱን ነጥብ በቀይ አሽ ክምር ሥር አገኘነው። ሌላው ላይ ቆሻሻ ተደፍቶበታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በዶማ መቆፈር አይገባም፤ የላይኛውን በአካፋ አንሥቶ የቀረውን በእጅ መጥረግ ነው። የችንካሩ አናት በዶማ አንድ ጊዜ ከተመታ መሐሉን በእርግጠኝነት ማግኘት አይቻልም።

ሦስተኛውን ፈልገን አጥተን ልንተወው ስንል፣ በመንገዱ ጥግ ቡና የሚያፈሉ እናት፣ “ምን ጠፍቶባችሁ ነው?” አሉን። ነገርኳቸው። ሳቅ ብለው ረከቦቱን ብድግ አደረጉት። ኮንክሪቱ ከሥሩ አለ፤ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ አናቱ ንጹሕ ነው፣ ችንካሩ እንዳለ ነው።

“ልጄ፣ ይህ የመንግሥት ድንጋይ ነው፣ አይነካም ብለው ነግረውኛል” አሉ። “የማይነካ ከሆነ አጠገቡ ብቀመጥ እኔንም አያስነሡኝም ብዬ ነው።”

በመስመሩ ሁሉ ካየሁት በደንብ የተጠበቀ ነጥብ ይህ ነው።

ጥቅምት 11

ዛሬ ማመሳከሪያዎቹን መረጥኩ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ማሰብ የሚጠይቀው ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ማመሳከሪያ ማለት ምልክቱ ቢጠፋ ቦታውን መልሶ ለማግኘት የሚያስችል፣ ከቁፋሮው ክልል ውጭ ያለ ቋሚ ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ምልክት አራት አደርጋለሁ። ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ሆነው በመካከላቸው የሚዘረጋ ሲባጎ ልክ በችንካሩ መሐል እንዲያልፍ አድርጌ እመርጣቸዋለሁ። ሁለቱ ሲባጎዎች የሚቋረጡበት ቦታ ምልክቱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከአራቱም እስከ ችንካሩ ያለውን ርቀት እለካለሁ። አንዱ ማመሳከሪያ ቢጠፋ በሦስቱ ይሠራል፤ ሲባጎው ካልተቻለ በርቀት ይሠራል።

የሚቋረጡበት ማዕዘን ወደ ዘጠና ዲግሪ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በሠላሳ ዲግሪ የሚቋረጡ መስመሮች ሁለት ሚሊ ሜትር ብትሳሳት አራት ሚሊ ሜትር አድርገው ይመልሱልሃል። ርቀቱም የምንለካበት ጥቅል የብረት ሜትር ካለው ሙሉ ርዝመት፣ ማለትም ከ30 ሜትር፣ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ መዘርጋት ራሱ ስሕተት ይጨምራል።

የምንመርጠው ነገር ምንድን ነው? ብዙ ቀያሽ ዓይኑ የሚያርፈው የመብራት ምሰሶ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ጽኑ ይመስላል። ነገር ግን መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነሣው ምሰሶ ነው። ከምልክቱ ቀድሞ የሚሄድ ማመሳከሪያ ምን ይረባል? ዛፍ ያድጋል፣ ይቆረጣል። የቆርቆሮ አጥር ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል። እኔ የመረጥኳቸው የቆዩ ቤቶችን የድንጋይ መሠረት፣ ከሥራው ክልል ውጭ ያለ የቱቦ ድልድይ ግንብና የብሎኬት ሕንፃ የኮንክሪት ዓምዶች ናቸው። ግንቡን በድሪል በስቼ የብረት ሚስማር ከነዋሸሩ አስገባሁ፣ ዙሪያውን በቀይ ቀለም አከበብኩ። የቤቶቹን ባለቤቶች ሁሉ አስፈቅጃለሁ። አንድ ሽማግሌ፣ “ግድግዳዬን የምትበሺው ለምንድን ነው?” ብለው ተቆጡ። “አባባ፣ የእርስዎ ወሰን ድንጋይ በቁፋሮው ቢነሣ የምመልሰው ከዚህ ሚስማር ለክቼ ነው” ስላቸው ራሳቸው መሰላል አምጥተው ያዙልኝ።

በሁለት ቦታ ላይ የሚታመን ግንብ ስላልነበረ አዲስ የኮንክሪት ምሰሶ ማስተከል ግድ ሆነ። የአዳማ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ነጭ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ደረቅ ሳለ ጽኑ ይመስላል፣ ውኃ ሲገባበት ይሰምጣል። ስለዚህ ጉድጓዱን 80 ሴንቲ ሜትር አውርደን፣ መጨረሻውን ውኃ አጠጥተን ጠቀጠቅነው፤ ኮንክሪቱን ያፈሰስነው በማግሥቱ ነው።

ርቀት መጠበቅም አለበት። ቦዩ 1.8 ሜትር ይጠልቃል። የቁፋሮ ጠርዝ ሲናድ አፈሩ ቢያንስ ከጥልቀቱ እኩል ወደ ኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ልል አፈር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እኔ የጥልቀቱን እጥፍ ወስጃለሁ፤ ከጠርዙ 3.6 ሜትር በታች የቀረበ ማመሳከሪያ የለኝም።

ጥቅምት 14

ልኬቱ የተሠራው ማለዳ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ነፋሱ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ በከተማው አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት አልመጡም። ረፋዱ ላይ ቱምቢው (በገመድ ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀጥታ ቁልቁል የሚያሳየው ክብደት) መወዛወዝ ይጀምራል፤ ጫፉ ችንካሩን እየዞረ አንድም ጊዜ አያርፍም። ቱምቢውን ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ማስገባት ይረዳል፤ ውኃው ውዝዋዜውን ይገድለዋል፣ ገመዱ ጸጥ ይላል። ይህ ዘዴ ግን ሲባጎ ለመስመር ሲሆን እንጂ የቱምቢው ጫፍ ነጥብ መንካት ሲኖርበት አይሠራም፤ ስለዚህ ከማለዳው ሰዓት የሚያህል የለም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የብረት ሜትር የሚስተካከለው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ32 ዲግሪ 30 ሜትር ሲዘረጋ ራሱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ ነው የሚለካው። ለቤት መሠረት ምንም አይደለም፤ ለመቆጣጠሪያ ነጥብ ግን ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ልኬት አጠገብ የሙቀቱን መጠን ጽፈናል።

ከሰዓት በኋላ የተቋራጩ ወጣት ቀያሽ ከሁለት የመቆጣጠሪያ ነጥቦች መካከል ለክቶ 64.30 ሜትር አገኘ። ከኮኦርዲኔቱ ሲያሰላው 64.258 ሆነበት። “አራት ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል፣ ይህ ነጥብ አያገለግልም” አለ። ነጥቡ ግን ንቅንቅ አላለም። የዩቲኤም ፍርግርግ በዞኑ መሐል ላይ ርቀትን በ0.9996 አባዝቶ ያሳንሳል፤ አዳማ ደግሞ ለዞን 37 መሐል መስመር፣ ለ39 ዲግሪ ምሥራቅ፣ እጅግ ቅርብ ናት። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ሌላ ቅናሽ ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ በየመቶ ሜትሩ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ለ64.30 ሜትር ደግሞ ያው አራት ሴንቲ ሜትር። ቁጭ ብለን አብረን አሰላነው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ደብተሩ ላይ ወዲያው ገለበጠው። በዚህ ስሌት ጉድለት ደኅና ነጥብ እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ መጣሉ ያሳዝናል።

ጥቅምት 20

ቤንችማርኩ ያለው በሚፈርስ የቱቦ ድልድይ ግንብ ላይ ነው፤ ማዳን አይቻልም። ከፍታውን በሁለት አዲስ ነጥቦች ላይ አሳረፍኩ፤ አንዱ ከመስመሩ በላይ፣ ሌላው በታች። በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ሄደን ተመለስን። ዙሩ 900 ሜትር ስለሆነ የሚፈቀደው ልዩነት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያገኘነው 5 ነው። ተቀብዬዋለሁ።

ለሚሊ ሜትር ይህን ያህል መጨነቅ ለምን እንደሆነ ፎርማኑ ጠየቀኝ። የዚህ ከተማ ጎርፍ ከዙሪያው ኮረብታ ነው የሚወርደው። የቦዩ ቁልቁለት በዲዛይኑ ላይ በአሥር ሜትር አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከፍታው በሦስት ሴንቲ ሜትር ከተሳሳተ ለሰባት ሜትር ተኩል ቁልቁለት የለም ማለት ነው። ውኃው እዚያ ይተኛል፣ ደለሉ ይሞላል፣ ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በሰው በር ይገባል። ይህን በቃል ከመናገር ሲባጎ ዘርግቼ ባሳየው ይሻላል ብዬ አሳየሁት።

ጥቅምት 25

ማሽኖቹ ገቡ። ከዚህ በፊት በእያንዳንዱ የሚቆይ ምልክት ዙሪያ አራት የፌሮ ዘንግ አስተክዬ፣ ቀይና ነጭ ቀብቼ፣ በገመድ አጠርኩ። ዘንጎቹ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ፤ ሎደር ላይ የተቀመጠ ሰው ከባልዲው ፊት ያለውን አጭር ነገር አያይም።

ከዚያ ኦፕሬተሮቹን ሰብስቤ በእግር ዞርን። በወረቀት ካርታ ማሳየት ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው በእግሩ የደረሰበትን ቦታ አይረሳም። አንዱ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር፣ “እህቴ፣ ብነካውስ ምን እሆናለሁ? ከደሞዜ ይቆረጣል?” አለ። አይቆረጥም አልኩት። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከነካህ ወዲያው ደውልልኝ፤ ራስህ አታስተካክለው። ቅጣት የፈራ ሰው ይደብቃል፣ የተደበቀ ጉዳት ደግሞ ከጉዳቱ ይከፋል። ስልኬን በየማሽኑ መስታወት ላይ ለጠፍን።

ኅዳር 3

ዙር አደረግን። ሁሉም በቦታው።

ኅዳር 9

ሌሊት ሰሌክት (የመንገድ መሙያ አፈር) የሚያራግፍ ሲኖትራክ ወደ ኋላ ሲሄድ አንዱን የመቆጣጠሪያ ነጥብ ገፍቶታል። ጠዋት የደረስኩት ከነገሩ በኋላ ነው። ከሩቅ ምንም አይታይም፤ ኮንክሪቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዘንጎቹ እንኳ ተመልሰው ተተክለዋል። የተጠራጠርኩት በሥሩ ያለው አፈር ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ያለና እርጥብ ስለሆነ ነው፤ በእግር የተረገጠበት አሻራ አለ። የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ በቅን ልቦና አቃንቶት፣ አፈር መልሶ፣ ጠቅጥቆታል።

ሲባጎዎቹን ዘረጋን። የተቋረጡት ከችንካሩ መሐል ወደ መንገዱ በኩል ነው፤ ነጥቡ 17 ሚሊ ሜትር ወደ ቦዩ ሸሽቷል፣ በሌቭል ሲታይ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ወርዷል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ተነቅሎ የጠፋ ምልክት መጥፋቱን ራሱ ይናገራል፤ የሚመጣው ቀያሽ ባዶውን ቦታ አይቶ ሌላ ነጥብ ይፈልጋል። ተገፍቶ የተቃና ምልክት ግን ቁጥሩ አናቱ ላይ እንደ ተጻፈ፣ ችንካሩ እያበራ፣ የሐሰት ቦታ ይሰጣል። በእሱ ላይ የቆመ ቀያሽ ጥርጣሬ አይገባውም። ስሕተቱ ወደ ግቢዎቹ ማዕዘን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ካርታው፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት። ለዚህ ነው “አታቃኑት” እያልኩ የምለምነው። ምልክቱን ወድቆ ባገኘው በስንት ጣዕሙ!

አናቱን በጥቁር ቀለም በመስቀል ምልክት ሠረዝኩት፣ ዙሪያውን ዘጋን፣ ለአማካሪው መሐንዲስ በጽሑፍ አሳወቅኩ። እስኪተካ ድረስ ማንም እንዳይጠቀምበት።

ኅዳር 11

በስብሰባ ላይ አንድ መሐንዲስ ጥሩ ጥያቄ አነሣ። “በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ አዳማ ድረስ ተሰምቷል። ስምጥ ሸለቆው ራሱ ይንቀሳቀሳል። መሬቱ አንቀሳቅሶት ቢሆንስ? የመኪናው ጥፋት መሆኑን በምን አወቅሽ?”

የስምጥ ሸለቆው መስፋት እውነት ነው፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ያም በአሥር ኪሎ ሜትሮች ስፋት ላይ የሚከፋፈል። በዚህ ዓይነት እንቅስቃሴ ጎረቤት ነጥቦች አብረው ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ ግን የተገፋው ነጥብ ብቻውን ነው የሄደው፤ አራቱ ማመሳከሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ከጥቅምቱ ልኬት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አልተለየም። የጥቅምቱ ደብተር ባይኖር ኖሮ ይህን መልስ መስጠት አልችልም ነበር፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ ይቀጥል ነበር።

ኅዳር 19

ኤክስካቫተሩ አንድ የወሰን ድንጋይ አነሣ። ኦፕሬተሩ እንደ ተስማማነው ደወለ፤ ስደርስ ግን ከሁለቱ ባለይዞታዎች አንደኛው ድንጋዩን በመሰለው ቦታ ተክሎታል፣ ሌላኛው ቆሞ ይጮኻል። ልዩነቱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ድንጋዩን ለማንም አልሰጠሁም። የቀበሌ ተወካይ ተጠራ፤ ሁለቱም ባሉበት ከአራቱ ሚስማሮች ሲባጎ ዘርግተን፣ ሜትሩን የተከራከሩት ሰዎች ራሳቸው እንዲይዙ አደረግኩ። የሲባጎው መቋረጫ ሁለቱም ከገመቱት ቦታ ውጭ ሆነ። የጥቅምቱን የልኬት ወረቀት ያን ጊዜ ፈርመውበት ስለነበር ማንም አልተቃወመም። ያ ግድግዳቸው ሲበሳ የተቆጡት ሽማግሌ ከጎረቤቶቹ አንዱ ናቸው፤ ሚስማሩን በጣታቸው እያሳዩ፣ “ይኸው፣ ይኸው” ይሉ ነበር።

ታኅሣሥ 15

በዚያ ክፍል ቦዩ ተገነባ፣ አፈሩ ተሞላ፣ ሮለሩ ጨርሶ ወጣ። ንዝረቱ ሳያልቅ ነጥብ መትከል ትርፉ ድካም ስለሆነ እስካሁን ቆይተናል።

የተሠረዘውን ኮንክሪት ነቅለን ጉድጓዱን አወረድን፣ አጠጣን፣ ጠቀጠቅን። ኮንክሪቱ እርጥብ እንዳለ ሁለቱን ሲባጎዎች ዘርግተን፣ ቱምቢውን ከመቋረጫው አውርደን፣ ችንካሩን ጫፉ እስኪነካው ድረስ ቀስ እያደረግን ገፋነው። ነፋስ ሳይነሣ ጨረስን። በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

ታኅሣሥ 27

ማረጋገጫ። በሲባጎ የተተከለውን በሲባጎ ማረጋገጥ አይበቃም፤ ስሕተት ካለ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ ባልተነኩ ሁለት የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ላይ ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካ መሣሪያ) አቁመን ኮኦርዲኔቱን እንደ አዲስ ለካን። ከመዝገቡ ጋር በ3 ሚሊ ሜትር ተስማማ። አናቱ ላይ የቀድሞውን ቁጥር ከጻፍን በኋላ “የተተካ” የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረት ጨመርን። አዲሱን ነጥብ እንደ ጥንቱ አስመስሎ ማለፍ ለሚመጣው ባለሙያ ታማኝነት አይደለም።

ጥር 8

የመጨረሻ ዙር። ሁሉንም ነጥቦች ከማመሳከሪያዎቻቸው ለካን፤ ከፍታዎቹን በሌቭል ዘጋን። ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ገጽ ተዘጋጅቷል፦ ንድፍ፣ አራት ርቀት፣ ሙቀት፣ ዳተም፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የለካው ሰው ፊርማ። አንድ ቅጂ ለከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለአማካሪው፣ አንዱ ለተቋራጩ። በመንግሥት ቢሮ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ማግኘት ከቅየሳው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ የመዝገብ ቁጥር እስኪሰጡኝ ከቢሮው አልወጣሁም።

ቡና የሚያፈሉት እናት ጋ ያለው ነጥብ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ውስጥ ስለወደቀ ንጣፉ ከአናቱ በላይ ከፍ ይላል። አልነቀልነውም። ዙሪያውን የሲሚንቶ ቱቦ አድርገን የብረት ክዳን አዘናል፤ እሳቸውም ቦታቸው ከክዳኑ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ እንዲቆይ ተነጋግረናል። ክዳኑ ከብየዳ ቤት ሲመጣ ይገጠማል። የነጥቡ ቁጥር ከክዳኑ ሥር በቱቦው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ክዳኑ ላይ አይጻፍም፣ ክዳን ሊሰረቅና ሊቀያየር ይችላልና።